የከፍታ ዳታ ወደ ዩቲኤም ሲቀየር ሂልሼዱ ላይ የሚወጡት መስመሮች ከየት ይመጣሉ?

የሙጋዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ምሥራቅ ጎጃም ነው የምሠራው። የሙጋ ተፋሰስን የተዳፋት ካርታ እያዘጋጀሁ ነው። ካርታው የሚፈለገው ለእርከን ሥራ ነው። የትኛው ማሳ ላይ ምን ዓይነት እርከን ይሠራ፣ በእርከኖቹ መካከል ስንት ሜትር ይተው የሚለው በተዳፋቱ መጠን ስለሚወሰን ቁጥሩ የሚታመን መሆን አለበት።

ዳታው ኤስአርቲኤም ነው፣ ከጠፈር በራዳር የተለካው የከፍታ ዳታ፤ ባለ 1 አርክ ሰከንዱ፣ ያ 30 ሜትር የምንለው። ሁለት ታይል ነው የሚያስፈልገኝ፤ ታይል የምለው አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ የሆነውን የዳታ ቁራጭ ነው። ጮቄና ደብረ ማርቆስ ከ37 ዲግሪ ምሥራቅ በሚጀምረው ታይል ውስጥ ናቸው፣ ብቸናና ደጀን ደግሞ ከ38 በሚጀምረው።

እንደወረደ ስከፍተው በጣም ያምራል። ከዲግሪ ወደ ዩቲኤም፣ ቦታን በሜትር ወደሚለካው ፕሮጀክሽን፣ ዞን 37 (የኮድ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 32637) ቀይሬ፣ ፒክስሉን 30 ሜትር አድርጌ ሂልሼድ፣ ማለትም የመሬቱን ጥላ የሚያሳይ ምስል፣ ስሠራ ግን መሬቱ ላይ መስመር ይወጣል። አግድም መስመሮች ናቸው፣ እንደ ትልም በእኩል ርቀት የተሰመሩ። ወደ ታች የሚወርዱም አሉ፤ እነሱ ራቅ ራቅ ያሉ ናቸው። 38 ዲግሪው ላይ፣ ታይሎቹ የሚገናኙበት ቦታ፣ ቀጭን ጥቁር ስንጥቅ አለ። ዳር ዳሩ ላይም ጥቁር ሽብልቅ የመሰለ ቦታ ይታያል፤ ከእሱ አጠገብ ያለው ተዳፋት 90 ዲግሪ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ደጋው ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ገደል የለም።

የቀየርኩት ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ፣ ፕሮጀክሽን በሚቀይረው ዋርፕ በሚለው መሣሪያ ነው፤ ታይሎቹን አንድ በአንድ ቀይሬ በኋላ ነው ያገናኘኋቸው። ከፕሮጀክሽኑና ከፒክስል መጠኑ በቀር ሌላው ምርጫ እንዳለ ነው። ዳታው ነው የተበላሸው ወይስ አቀያየሩ? ሌላ ዴም (የከፍታ ዳታ) ላውርድ?

ሰከላ

እህቴ ሰላም። ሌላ ዴም አታውርጂ። ዳታሽ ጤነኛ ነው። መስመሩን የፈጠረው ዋርፑ ነው።

ሪሳምፕሊንግ ሜተድ የሚለውን ሳጥን እዪው፤ ለአዲሶቹ ፒክስሎች ቁጥር የሚሰጥበት ዘዴ ነው። ካልነካሽው ኒረስት ኔበር ነው የሚለው። ጂዳል በሚባለው ፕሮግራም ትእዛዝ ለሚሠራም ነገሩ ያው ነው፤ «አር» የሚለውን ምርጫ ካልጻፈ የሚያገኘው እሱኑ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ፒክስል በጣም የሚቀርበውን የድሮ ፒክስል ፈልጎ ቁጥሩን እንዳለ ይገለብጣል። በመካከል ያለውን አያሰላም።

ይኼ ለምን መስመር እንደሚሆን በቁጥር እንየው፤ አንዴ የገባው ሰው ሁለተኛ አይደናገርም። 1 አርክ ሰከንድ 30 ሜትር ነው የሚባለው ለአፍ ነው። እናንተ ጋ፣ 10 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 30.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደግሞ 30.4 ገደማ። አንቺ ፒክስሉን 30 ስታደርጊው በእያንዳንዱ ረድፍ 0.7 ሜትር ትርፍ ይመጣል። ትርፉ እየተጠራቀመ 42 ረድፍ አካባቢ ሲደርስ አንድ ሙሉ ፒክስል ይሞላል። ያኔ ኒረስት ኔበር ያለው አማራጭ አንዱን ረድፍ ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። 42 ረድፍ 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አግድም መስመሮችሽን በመለኪያው ለኪያቸው፣ ርቀታቸው እዚያው ግድም ይሆናል። ወደ ታች የሚወርዱት ራቅ ያሉት ትርፋቸው 0.4 ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሞልተው እስኪደገሙ 2.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ።

ጠጋ ብለሽ ካየሽው መስመሩ እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለ አይደለም። ከ6 እስከ 9 ኪሎ ሜትር በሄደ ቁጥር በአንድ ፒክስል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዘላል። የዞን 37 መካከለኛ መስመር 39 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። እናንተ ከእሱ ወደ ምዕራብ ስለሆናችሁ የዩቲኤሙ ሰሜንና የዲግሪው ሰሜን አይገጥሙም፤ በሩብ ዲግሪ ገደማ ዞር ይላሉ። ዝላዩ የዚያ ምልክት ነው። መስመር እንዲህ እኩል ርቀት ጠብቆ እየዘለለ ከመጣ ከመሬት የመጣ አይደለም፣ ከዋርፕ ነው።

አሁን ወደ ተዳፋቱ፤ ዋናው ጉዳይሽ እሱ ነውና። 10 በመቶ ተዳፋት ያለው ማሳ ውሰጂ። ወደ ላይ ስትወጪ ከፍታው በየፒክስሉ 2,412፣ 2,415፣ 2,418፣ 2,421 እያለ ይሄዳል። ረድፍ ሲደገም 2,412፣ 2,415፣ 2,415፣ 2,418 ይሆናል። ተዳፋት የሚሰላው የአንዱን ፒክስል ሁለት ጎረቤቶች በማነጻጸር ነው። በሁለት ፒክስል ርቀት፣ ማለትም በ60 ሜትር፣ 6 ሜትር መውጣት የነበረበት እዚያ ቦታ 3 ሜትር ብቻ ይወጣል። 10 በመቶው 5 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የተጎዱት ሁለት ረድፎች ናቸው። ስለዚህ በየ1.3 ኪሎ ሜትሩ 60 ሜትር ስፋት ያለው፣ ተፋሰሱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ የውሸት ረባዳ ይኖርሻል። ያንን ይዘሽ እርከን ብትቀይሺ የአንዱ ገበሬ ማሳ መሐሉ ላይ ከሌላው የተለየ እርከን ይወጣለታል። በመሬቱ ላይ ግን አንዳች ልዩነት የለም።

መፍትሔው፦ ከመጀመሪያው፣ ከወረደው ፋይል ተነሺ። የተቀየረውን መልሰሽ አትቀይሪው። ሪሳምፕሊንጉን ባይሊኒየር አድርጊው። እሱ አራቱን ጎረቤት ፒክስሎች እንደ ቅርበታቸው ያመዛዝናል። ትርፉ በአንድ ረድፍ ላይ መደፋቱ ይቀርና በሁሉም ላይ ይከፋፈላል። የውጤቱን የዳታ ዓይነት አስርዮሽ የሚይዘውን ፍሎት 32 አድርጊው። ይኼን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኤስአርቲኤም ከፍታውን በሙሉ ሜትር ነው የሚይዘው። ባይሊኒየር 2,415.6 ብሎ ቢያሰላ እንኳ ውጤቱ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ከሆነ ወደ 2,416 ይጠጋጋና የደከምሽበት ይበላሻል።

ስንጥቁ የመጣው ታይሎቹን ለየብቻ ስለቀየርሻቸው ነው። እያንዳንዱ ታይል ሲቀየር የራሱን መነሻ ነጥብ ይይዛል፣ ፒክስሎቹ ከጎረቤቱ ፒክስሎች ጋር አይገጥሙም። ጠርዙም ዞር ስለሚል በመካከል ቀዳዳ ይቀራል። አስቀድመሽ አገናኛቸው፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ቀይሪ። የኤስአርቲኤም ታይል 3,601 በ3,601 ነው፤ የዳሩ ዓምድ በሁለቱም ታይል ውስጥ ስላለ በዲግሪ እያሉ ሲገናኙ ክፍተት አይኖርም። ቢልድ ቨርቹዋል ራስተር የሚለውን ተጠቀሚ (ራስተር በፒክስል የተሠራ ካርታ ነው)፣ ፈጣን ነው፣ ቦታም አይፈጅም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ። መስኮቱ ላይ እያንዳንዱን ፋይል በተለየ ባንድ (ንብርብር) አስቀምጥ የሚል ሳጥን አለ፤ ሲከፈት ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው። ምልክቱን አንሺው። ካላነሳሽው ታይሎቹ ጎን ለጎን መሆናቸው ቀርቶ በሁለት ባንድ ተነባብረው ይመጣሉ።

የዳሩ ሽብልቅ የዚያው መዞር ውጤት ነው። አንድ ታይል በምሥራቅ ምዕራብ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሩብ ዲግሪ ሲዞር አንዱ ጫፍ ከሌላው በግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አዲሱ ራስተር ግን አራት ማዕዘን መሆን ስላለበት ባዶው ቦታ በአንድ ነገር መሞላት አለበት። የኖዳታ ዋጋ፣ ማለትም «እዚህ ዳታ የለም» የሚል ቁጥር፣ ካልተነገረው በዜሮ ይሞላዋል። ዜሮ ለኮምፒውተሩ ከፍታ ነው፤ የባሕር ወለል። 2,400 ሜትር ላይ ያለ ደጋ አጠገቡ ዜሮ ሲያገኝ 88 ዲግሪ ገደል ይወጣል። ዋርፑ ላይ የውጤቱን ኖዳታ −32768 ብለሽ ስጪው። ከዚያም ከተፋሰሱ ወሰን ሰፋ አድርገሽ ቆርጠሽ ተዳፋቱን አስሊ፣ በመጨረሻ በትክክለኛው ወሰን ቁረጪ።

ቡሬ

እኔ ጋም ይኼ መስመር ይወጣል። የተቀየረው ዴም ላይ ጋውሲያን ፊልተር አስኬድበታለሁ፣ ወይ ባለ 5 በ5 አማካይ። መስመሩ ይጠፋል፣ ሂልሼዱም ለስለስ ብሎ ያምራል። ከመነሻው መጀመር ግድ ነው? ዞኑን በሙሉ ለሚሠራ ሰው እኮ ብዙ ፋይል ነው።

ደጋ ዳሞት

ወንድሜ ቡሬ፣ ለግድግዳ ካርታ ከሆነ እሺ። ለተዳፋት ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

የተደገመውን ረድፍ ፊልተሩ አያወጣውም፤ ለጎረቤቶቹ ያካፍለዋል። 60 ሜትር ላይ የነበረው ስህተት ከ100 ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ደብዘዝ ስለሚል ደግሞ ዓይን አያየውም። የማይታይ ስህተት ከሚታየው ይከፋል፤ የሚታየውን ቢያንስ አንድ ሰው ይጠይቅበታል። በዚያ ላይ ፊልተሩ መስመር የሌለበትንም ቦታ እኩል ነው የሚደፍቀው። ከጮቄ የሚወርዱት ሸለቆዎች ጠባብ ናቸው፤ 5 በ5 ማለት 150 ሜትር በ150 ሜትር ነው። የሸለቆው ወለል ከፍ ይላል፣ ሸንተረሩ ዝቅ ይላል፣ ገደላገደሉ ይለዝባል። የጎርፍ ፍሰት ለሚሠራ ሰውማ ጅረቱ መንገዱን ሊስት ይችላል።

ፋይል በዛ ላልከው፣ ሰከላ እንዳለው በቨርቹዋል ራስተር ካገናኘኸው አንድ ዋርፕ ነው። ሃያም ታይል ይሁን ሁለት ትእዛዙ ያው ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ኒረስት ኔበር ክፉ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው እንዳይኖር። የመሬት ሽፋን ካርታ፣ የአፈር ዓይነት ካርታ፣ ቁጥሩ ስም ብቻ የሆነ ራስተር ሁሉ በኒረስት ኔበር ነው መቀየር ያለበት። 2 ደን፣ 4 ማሳ ቢሆን ባይሊኒየር መሐላቸው ላይ 3 ይጽፋል። 3 ውኃ ከሆነ በደኑና በማሳው ድንበር ላይ ኩሬ ተሠራ ማለት ነው።

ሁለተኛው አስፔክት ነው፣ ቁልቁለቱ የሚያይበት አቅጣጫ። እሱን ጭራሽ አትቀይሩት። 359 ዲግሪም 1 ዲግሪም ወደ ሰሜን የሚያዩ ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አማካያቸው 180 ነው። ሰሜን የሚያየው ቁልቁለት ደቡብ የሚያይ ይሆናል። ሂልሼድም ተዳፋትም እንደዚያው ናቸው። ሁልጊዜ የሚቀየረው ከፍታው ነው፣ ሌላው ሁሉ ከተቀየረው ከፍታ ይሰላ።

ባሕር ዳር 37

ሰከላ ያለው ትክክል ነው፤ ያልተነሳውን ልጨምር። መስመር ሁሉ ከዋርፕ አይመጣም፣ ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ስክሪኑን ተጠራጠሩ። ኪውጂአይኤስ የፕሮጀክቱ ፕሮጀክሽን ከሌየሩ ከተለየ ለማሳየት ብቻ እዚያው በዚያው ይቀይራል፣ ያንንም በኒረስት ኔበር ነው የሚያደርገው። ፋይሉ ደህና ሆኖ ስክሪኑ ላይ መስመር ሊታይ ይችላል። ሌየሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ወደ ኔቲቭ ሪዞሉሽን ዙም አድርጉ። ራቅና ቀረብ ስትሉ መስመሩ ቦታ የሚቀያይር ወይም የሚጠፋ ከሆነ የማሳያ ጉዳይ ነው። የሌየሩ ሲምቦሎጂ ውስጥ ሪሳምፕሊንግ የሚል ክፍል አለ። ሲቀርብ ባይሊኒየር፣ ሲርቅ አቨሬጅ በሉት። በሁሉም ዙም ላይ እዚያው መሬት ላይ ቆሞ ከቀረ ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው።

ቀጥሎ ከወረደው ፋይል፣ ገና በዲግሪ እያለ፣ ሂልሼድ ሥሩ። አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ስለሆነ ስኬሉን 111120 ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጮቄ ከመጠን በላይ ተጋንኖ ነው የሚወጣው። ይኼኛው ሂልሼድ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የዋርፕ ነው። እዚህም ላይ መስመር ካለ ከዳታው ነው የመጣው።

ኤስአርቲኤም የራሱ መስመር አለውና። ዳታው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኩራኩር በ11 ቀን በረራ የሰበሰበችው ነው። አንዱ አንቴና በ60 ሜትር ምሰሶ ጫፍ ላይ ነበር። የምሰሶው መወዛወዝ ሙሉ በሙሉ ስላልታረመ አንዳንድ ቦታ ሰፋፊና ደብዛዛ ማዕበል ትቷል። እሱ ሰያፍ ነው የሚሄደው፣ ከፍታውም ጥቂት ሜትር ቢሆን ነው፤ ሜዳ ላይ ካልሆነ ዓይን አይዘውም። የሙጋዋ ልጅ የምትለው ቀጥ ያለና አግድም ስለሆነ ይኼ አይደለም።

የዓባይ ሸለቆ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ራዳሩ በጎን ስለሚያይ ገደል ሥር ያለውን ቦታ ይጋርድበታል። የመጀመሪያው ዳታ እዚያ ቀዳዳ ነበረው። በኋላ የወጣው እትም ቀዳዳውን ከሌላ ዳታ፣ በብዛት አስተር ከሚባለው የሳተላይት ዳታ፣ ሞልቶታል። ስለዚህ ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርዱ ድንገት ሸካራ የሚሆን ወይም በጣም የሚለሰልስ ቦታ ካያችሁ ምናልባት ጥገና ነው። ቀዳዳው ያልተሞላበት የድሮ እትም ያላችሁ ሰዎች የበለጠ ተጠንቀቁ። −32768 የኖዳታ ዋጋ መሆኑ ካልተነገረው ባይሊኒየር እንደ ከፍታ ቆጥሮ ያመዛዝነዋል። አንዱ ጎረቤት −32768 ሆኖ ሩብ ድርሻ ቢኖረው፣ የቀሩት 2,400 ቢሆኑ፣ ውጤቱ −6,392 ነው። ቀዳዳው ዙሪያ ጥልቅ ጉድጓድ ይሠራል። ፋይሉን ከመቀየራችሁ በፊት ሌየር ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ኖዳታውን አረጋግጡ፤ የምንጩ ኖዳታ ሳይነገር የውጤቱን ብቻ መንገር ለቀዳዳው ዋጋ የለውም።

ኪዩቢክ የሚባለው ሌላው የሪሳምፕሊንግ ዘዴ ይሻላል የሚሉም አሉ። ሸንተረሩን ከባይሊኒየር የተሻለ ይጠብቃል፣ እውነት ነው። ገደል አፋፍ ላይ ግን ያልፋል፤ ከአፋፉ በላይ ትንሽ ጉብታ፣ ከሥሩ ትንሽ ጎድጓዳ ይጨምራል። የዓባይ ዳርቻ ላይ እኔ ባይሊኒየርን እመርጣለሁ። ከሸለቆው ራቅ ላለው ደጋ ኪዩቢክ ምንም አይልም።

ጂዳል ለፍጥነት ሲል እያንዳንዱን ፒክስል በትክክል አያሰላም፣ እስከ አንድ ስምንተኛ ፒክስል ስህተት ይፈቅዳል። ዜሮ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ተፋሰስ ግን መስመሩን ያመጣው እሱ አይደለም።

የሙጋዋ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። በዲግሪው ላይ በ111120 ሂልሼድ ሠራሁ፣ ንጹሕ ነው። መስመሮቹንም ለካኋቸው፤ አግድሞቹ ሰከላ እንዳለው 1.3 ግድም ናቸው።

በቨርቹዋል ራስተር አገናኝቼ፣ ባንዱን ምልክት አንስቼ፣ በባይሊኒየርና በፍሎት 32 ቀየርኩት። ትልሙ ጠፍቷል። 38 ዲግሪው ላይም ስንጥቅ የለም። ዳር ዳሩ ግልጽ ሆኗል፣ ጥቁሩ ሽብልቅ ቀርቷል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ሜዳ ሜዳው ላይ ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ ይመስላል። ሰፊ ቦታ ዜሮ አካባቢ ይሆንና ጠርዝ ጠርዙ ላይ 1 እና 2 በመቶ ይላል። ሁለተኛ፣ ቢሮ ካለው የ1፡50,000 ቶፖ ካርታ ጋር ሳነባብረው ወንዙ ከሸለቆው ይወጣል። ቶፖው ስካን ተደርጎ በማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት ነው የተሰፋው፣ ማለትም ከቦታው ጋር የተገጣጠመው። ሁሉም ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሸሸው፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ። ይኼም ከሪሳምፕሊንግ ነው?

ባሕር ዳር 37

ደረጃው ከዳታው ነው። ከፍታው በሙሉ ሜትር ስለተመዘገበ ረጋ ያለ መሬት ላይ ብዙ ፒክስል አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ ይቆይና በአንድ ሜትር ይዘላል። አንድ ሜትር በ60 ሜትር ሲካፈል 1.7 በመቶ ነው፤ ያየሽው ያንን ነው። እኛ ጋ መራዊና ቆጋ መስኖ አካባቢ በጣም ይታያል፣ መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ። ባይሊኒየር ጠርዙን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ቡሬ ያለው ፊልተር ቦታው እዚህ ነው። ሜዳው ላይ ብቻ፣ ቀለል ያለ፣ 3 በ3 በቂ ነው። ተዳፋቱ ከ3 በመቶ በታች የሆነውን ለይተሽ እዚያ ላይ ብቻ አስኪጂው፣ ገደላገደሉን እንዳትነኪ። ወይ ደግሞ ኮፐርኒከስ የሚባለውን ዴም ሞክሪ፤ እሱ ከፍታውን በአስርዮሽ ነው የሚይዘው። ግን እሱም በዲግሪ ነው የሚመጣው፣ በኒረስት ኔበር ብትቀይሪው ያው ትልም ይመለሳል። ሌላም አለው። የሚለካው የላይኛውን ገጽ ነው፣ ዛፍም ጣራም ጨምሮ። በባሕር ዛፍ ክልልና በማሳ መካከል የብዙ ሜትር ግድግዳ ታያለሽ። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ማሳ በማሳ ስለሆነ ካርታው ጉብ ጉብ ይላል። ኤስአርቲኤምም ከዚህ ነጻ አይደለም፣ በኮፐርኒከስ ግን ጎልቶ ይታያል። ባሕር ዛፉን እንደ ጉብታ ቆጥረሽ እርከን እንዳታቅጂበት፤ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዪው።

ሰከላ

የወንዙ ጉዳይ ሪሳምፕሊንግ አይደለም። ሪሳምፕሊንግ ነገርን ቢያንቀሳቅስ ከአንድ ፒክስል አያልፍም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን ከሸሸ ዳተም ነው፣ ማለትም ኮኦርዲኔቱ የሚለካበት መነሻ።

የድሮዎቹ የ1፡50,000 ቶፖ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው የተሠሩት። ከካርታው ግርጌ ተጽፏል፣ አንብቢው። እነሱም ዩቲኤም ዞን 37 ስለሚሉ ሰው ከ32637 ጋር አንድ ይመስሉታል። አይደሉም። የአዲንዳኑ ኢፒኤስጂ 20137 ነው። አንድን ቦታ በሁለቱ ብትለኪው የደብሊውጂኤስ 84ቱ (የ32637 ዳተም) ቁጥር ወደ ሰሜን በ200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ በ90 ሜትር ገደማ ይበልጣል። የአዲንዳኑን ቁጥር ይዘሽ 32637 ካልሽው ካርታው በሙሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታል፤ ያንቺም ያንኑ ነው።

ስለዚህ ቶፖውን እንደገና ስፊው፣ ስትሰፊው 20137 ብለሽ። ከዚያ ወደ 32637 ቀይሪው። ስትቀይሪ ኪውጂአይኤስ የትኛውን ትራንስፎርሜሽን ልጠቀም ብሎ ዝርዝር ያወጣል። ለአዲንዳን ብዙ አለ፤ የሱዳን፣ የማሊ፣ የሴኔጋል፣ የቡርኪና ፋሶ። ለኢትዮጵያ የተባለውን ምረጪ፤ ቁጥሮቹ −165፣ −11፣ 206 ናቸው። ዝም ብለሽ እሺ ብትይ የሌላ አገሩ ሊገባ ይችላል፣ ያኔ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ስህተት ይቀራል። ባልፓርክ የሚል ካለ ተዪው፣ እሱ ዳተሙን ጭራሽ አያሻግርም።

ስካን የተደረገ ቶፖ ሥዕል ስለሆነ ፊደሉና መስመሩ እንዳይደበዝዝ በኒረስት ኔበር ቀይሪው። ባለ ቀለም ሰንጠረዥ ከሆነ ደግሞ ግድ ነው፤ በባይሊኒየር ቀለሙ ይበላሻል።

ስትጨርሺ በወንዝ ብቻ አትመኚ፣ ወንዝ መንገዱን ይቀይራል። ድልድይ ወይም የመንገድ መገናኛ ምረጪ፣ በሳተላይት ምስሉም በቶፖውም ላይ ያለ። ተራርቀው ያሉ ጥቂት ነጥቦችን እዪ፣ አንዱ ጮቄ በኩል፣ አንዱ ደጀን በኩል ቢሆን ጥሩ ነው።

ደጋ ዳሞት

መተከል በኩል ለምትሠሩ አንድ ቃል። የዞን 36 እና 37 ድንበር 36 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ጉባ በዞን 36 ውስጥ ነው የሚወድቀው። ዳንግላና እንጅባራ በ37 ናቸው። ሁለቱን ዞን የሚያቋርጥ ተፋሰስ ካላችሁ ግማሹን በ36፣ ግማሹን በ37 ቀይራችሁ ለማገናኘት አትሞክሩ። የአንዱ ራስተር ፒክስል ከሌላው ጋር ዞር ብሎ ስለሚገናኝ ድንበሩ ላይ ስንጥቁ ተመልሶ ይመጣል። ሁሉንም በአንድ ዞን አድርጉት፤ አብዛኛው መሬት ያለበትን ምረጡ። ከዞኑ ወጣ ሲባል የርቀት ስህተቱ ትንሽ ይጨምራል፣ ለተዳፋት ግን የሚታይ አይደለም።

የሙጋዋ ልጅ

ቶፖው ግርጌ ላይ አዲንዳን ይላል፣ አሁን አየሁት። በ20137 ሰፍቼ በኢትዮጵያው ትራንስፎርሜሽን አሻገርኩት፤ ወንዙ ሸለቆው ውስጥ ገብቷል። ጮቄ በኩልና ደጀን በኩል ያሉ የመንገድ መገናኛዎችም ገጥመዋል። የሜዳውን ፊልተር ከ3 በመቶ በታች ላይ ብቻ አስኬጄ የተዳፋቱን ክፍሎች እንደገና አወጣለሁ።